ተገኝ ከሞተ በኋላ የጻፈው መስመር

ያረጀ ኮምፒውተር ከረጅም እንቅልፍ ሲቀሰቀስ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ የተጠበሰ አቧራ፣ ጥቂት የተለበለበ ጠጉር፣ ጥቂት ደግሞ የሞቀ ላስቲክ። ባለፈው ዓርብ ጠዋት የልጅ ልጄ ተሂላ ያንን ግራጫ ሳጥን ከመጋዘን ጎትታ አውጥታ፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ጉብ አድርጋ፣ ገመዱን ስትሰካው፣ ሽታው ባፍንጫዬ ገባና ሃያ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ይዞኝ ነጎደ። ሌላው ሰው ያለፈ ዘመኑን በሽቶ ያስታውሳል። የምኖርባት የእስራኤል ከተማ ረሆቮት የብርቱካን አገር ነበረችና እኔም በብርቱካን አበባ ብጀምር ያምርብኝ ነበር። ግን ምን ላድርግ፣ የኔ ዘመን የሚሸተው የተቃጠለ አቧራ ነው። ለሁሉም እንደ ፊቱ ይሰጠዋል።

ተሂላ ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር እያነጋገረች እንጀራዋን የምትበላ ልጅ ናት። የራሷ ኮምፒውተር እንደ ቂጣ የሳሳ ነው፤ የኔው ደግሞ እንደ ጎታ። በጎታው ውስጥ የሰባት ቤት መዝገብ የምንለው ዳታቤዝ ተኝቷል፤ እሷ የመጣችው ያንን ወደ አዲስ ቤት ልታዛውር ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ቂጣውና ጎታው አልግባባ አሏት። የሷ ማክ ነው፣ የኔ አሮጌ ዊንዶውስ። የጋራ ማኅደሩን አያየውም፤ ሲያየው አይከፍተውም፤ ሲከፍተው ይዘጋበታል። «ያላ፣ ያላ፣ ክፈት!» እያለች በዕብራይስጥ ስትሳደብ እኔ ሻዬን ፉት እያልኩ ዝም ብዬ ተደሰትኩ። በዚህ ነገር መሰቃየት ከኔ ጋር የሚቀበር መስሎኝ ነበርና። በመጨረሻ ተከፈተላት። ከዚያ ግን ዝም አለች። ተሂላ ዝም ስትል አደጋ አለ።

«ሳባ፣» አለችኝ። ሳባ ማለት በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። «ተገኝ የሚባሉት ማን ናቸው?»

«ጓደኛዬ ነበር። ግድግዳው ላይ አለልሽ፣ ባለኮፍያው።»

ተነሥታ ፎቶውን አየች። ከሥሩ የሞተበት ቀን ተጽፏል። ተመልሳ ስክሪኑን አየች፤ እንደገና ፎቶውን።

«እሳቸው እዚህ አንድ መስመር ጽፈዋል። የጻፉበት ቀን ግን ከሞቱ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው።»

«ትጉህ ሰው ነበር።»

«ሳባ! ቀልዱን ይተዉት። ፕሮግራሜ እንዲህ ያለውን አይቀበልም። የሞተ ሰው አይጽፍም። ባግ ነው፣ ስሕተት። ልጣለው?»

«መስመሩ የማን ቆጠራ ነው?»

ጎንበስ ብላ አነበበች። «የእማ እና የአባ፣» አለች፤ ቀስ ብላ። የገዛ አባትና እናቷ ጋብቻ።

እንግዲህ ያዘችኝ። ሃያ ምናምን ዓመት የሸሸሁት ነገር በወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አድብቶ ጠበቀኝ። በሩ ከሷ በስተጀርባ ነው፣ ጉልበቴም ለሽሽት አይሆን። ተናገርኩ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እኛ ቤተ እስራኤሎች ልጅ ስንድር ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ሙሽራውና ሙሽሪት እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ደም ከተገናኙ ጋብቻው የለም፤ ቢዋደዱም፣ አዳራሹ ቢያዝም የለም። ሽማግሎች ይቀመጡና አንዱ ይቆጥራል፤ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ እያለ ይወርዳል። እሱ ሲቆጥር ማንም አይናገርም። የሚያስለው ሰው ውጪ ወጥቶ ያስላል። አንድ ሰው ጣልቃ ከገባ ቆጣሪው ከሀ ይጀምራል። በኛ መንደር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ለቆጠራ የተቀመጠ ሽማግሌ ቆጠራው ሳያልቅ አይነሣም። ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ አንገቴ ላይ ይጠመጠማል።

ያኔ በሰፈራችን በቂርያት ሞሼ ማኅበራችን የሚሰበሰበው በሚክላት ውስጥ ነበር፤ ከመሬት በታች የተሠራ የሰፈር መጠለያ። አሥራ ስምንት ደረጃ ይወረዳል፣ ከዚያ ሁለት ጎረምሳ ካልሆነ የማይገፋው የብረት በር። መስኮት የለውም። በጋ ክረምት አንድ ዓይነት ሙቀት፣ አንድ ዓይነት ነጭ መብራት። ከላይ ግን ዓለም ነበረች። በሄርጽል ጎዳና ፈላፌል በአምስት ሰቅል፣ ከጎኑ ኮምጣጣው ኪያር እንዳሻህ። በሻዓራይም ሰፈር ዓርብ ዓርብ አንድ የመናዊ ሽማግሌ ሉሑሕ የሚሉትን የአገሩን እንጀራ በጋሪ ይሸጥልን ነበር፤ ገና ሲያየን «የአክስቶቼ ልጆች፣ የናንተ ሰፊ የኔ ጠባብ፣ እርሾው ግን አንድ ነው» ይለናል። ከአውቶቡስ ጣቢያው ማዕዘን የካሴት ሱቅ ነበረች፤ ባለሱቁ የጎንደር እስክስታ ከሩሲያ አኮርዲዮን ጋር እያፈራረቀ በትልቅ ድምፅ ማጉያ ይለቅቃል። ተገኝ ቡናማ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ከላይ ደግሞ ያንን የኪቡጽ ገበሬ ሰማያዊ ጨርቅ ኮፍያ ደፍቶ ይመጣል። «ከአንገት በታች ጎንደሬ፣ ከአንገት በላይ እስራኤላዊ» እለዋለሁ። «አንተስ» ይለኛል፣ «ከላይም ከታችም የብርቱካን ሣጥን።» እውነቱን ነው፤ ፍሬ ማሸጊያ ቤት ስለምሠራ የወረቀት ማኅተሙ ሸሚዜ ላይ ተለጥፎ ነበር የምውለው።

ጎንደር እያለሁ የስልክ መስመር ጠጋኝ ነበርኩ። የብረት ጥፍር እግሬ ላይ አስሬ ምሰሶ የምወጣ። አለቃችን አንድ ሕግ ነበረው፤ መስመር ሲቋረጥ ከራስህ ጀምር። መጀመሪያ የያዝከውን ስልክ እይ፣ ከዚያ ግድግዳህን፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ምሰሶ። የሩቁን ምሰሶ መጨረሻ ክሰስ። ይህን ሕግ ለሰው ሁሉ አስተምሬአለሁ፤ ራሴ ግን ብዙም አልሠራሁበትም። እዚህ ከመጣሁ በኋላ የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ የኮምፒውተር ትምህርት ሦስት ወር አስተማረኝና፣ ማኅበሩ «ቴክናይ» ብሎ ሾመኝ። ቴክናይ የቴክኒክ ሠራተኛ ማለት ነው። ደመወዝ የለውም፤ ክብሩ ግን ሆድ ይነፋል።

መዝገቡ የተጀመረው በዝናብ ነው። በጎንደር የቆጠሩ የታወቁ ሽማግሎች አንድ በአንድ ሲያልቁብን ያወቁትን በደብተር ጻፍን። አንድ ክረምት ውኃ ሚክላቱ ውስጥ ገባና ደብተሮቹን ሊጥ አደረጋቸው። የተረፈውን ቅጠል በቅጠል አድርቀን፣ የተገኘውን ገና በሕይወት ካሉት ሁለት ሽማግሎች አፍ አሟልተን፣ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባነው። እነሱም ብዙ አልቆዩም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ሰባት ቤታችን በሰው አፍ ሳይሆን በዚያ ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር። ሦስት ኮምፒውተር ነበረን፤ ሦስቱም በልግስና የመጡ፣ ሦስቱም የማይተዋወቁ። አንዱ ዊንዶውስ፤ ወሬኛ ነው፣ ለሁሉም ነገር መስኮት ይከፍትልሃል። ሁለተኛው ማክ፤ ኩሩ ነው፣ ሲከፋው ምክንያቱን አይነግርህም። ሦስተኛው ጎረቤታችን ቦሪስ ያቆመልን ሊኑክስ ነው፤ ስክሪኑ ጥቁር፣ ካልጠየቅኸው የማይናገር፣ እንደ ደብር ዘበኛ። ፋይሉ እሱ ዘንድ ተቀምጦ ሌሎቹ በጋራ ማኅደር ይጠቀሙበታል። ቦሪስ በአገሩ መሐንዲስ ነበር፤ እዚህ መንገድ ይጠርግ ነበር። ቆጣሪያችን ተገኝ ቤቱ ራቅ ብሎ ቂርያት ዔቅሮን ስለነበር፣ ለሱም በኢንተርኔት በኩል ዋሻ ቆፍሮ መስመሩን ሌት ተቀን ክፍት አደረገለት። ካናዳ ሊሄድ ሲሰናበተን ያለው ሁለት ቃል ነው፤ «ይሠራል። አትንኩት።»

ነካሁት። ኮምፒውተሩ አምስት ሰው አንድ ፋይል ባንድ ጊዜ እንዲከፍት ይፈቅዳል። እኔ ደግሞ አልኩ፣ ይህ ምን ዓይነት ብልግና ነው? አንድ ሰው ሲቆጥር ሌላው እንዴት ይገባል? ወጉን ወደ ማሽኑ አስገባሁት፤ አንድ ሰው ከከፈተው እሱ እስኪዘጋው ድረስ ለማንም አይከፈት አልኩ። ተገኝ ራሱን ነቀነቀ። «ሰው ሲቆጥር ይደክመዋል፣ ያቆማል። ማሽን ግን ካላልከው አያቆምም» አለኝ። ሳቅኩበት። ሌላም ነገር ሠራሁ፤ በየሳምንቱ ዓርብ የፋይሉን ግልባጭ በዲስክ እወስድ ነበር። ዲስኮቹን በቀይ እስክሪብቶ ቁጥር ጽፌባቸው በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጥ ነበር። ለማኅበሩም «ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተገለበጠበት ዓርብ የለም» እያልኩ እኮራ ነበር።

ልጄ ያፋ አሸር የሚባል ልጅ ወደደች። ጨዋ ልጅ፣ ከመዝከረት ባትያ መንደር በስተጀርባ ባለ ችግኝ ጣቢያ ይሠራል፤ ሲመጣ በእጁ አበባ ሳይሆን ችግኝ ይዞ ነው የሚመጣው። ወደድኩት። በሆዴ ግን አንድ ነገር ቆረጠመኝ፤ የአባቱ አባት አገርና የኔ ቅድመ አያት አገር አንድ ወንዝ ነው የሚለያቸው። ሽማግሎች ሳይጠሩ ተገኝን ከአውቶቡስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ይዤ ለመንኩት። «አንተ ብቻህን ቁጠርልኝ» አልኩት። «ካላማረ ለኔ ብቻ ንገረኝ።»

«ነግሬህ ምን ልታደርግ?»

ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር፤ አንድ ስም ከመዝገቡ ማውጣት ለቴክናይ የአንድ ጣት ሥራ ነው። እሱም አወቀ።

«ዘለቀ፣» አለኝ፣ «እንዳገኘሁት ነው የምጽፈው። አንተም እንደጻፍኩት ነው የምታነበው። ቤሰደር?»

«ቤሰደር» አልኩ፤ እሺ ማለት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያን ዕለት ነው። በዚያው ሳምንት ልቡ ቀጥ አለች። ቆጥሮ ይሁን ሳይቆጥር፣ አምሮ ይሁን ሳያምር ሳላውቅ ቀበርኩት። በሐዘኑ ምክንያትም ፋይሉን የነካ ሰው አልነበረም።

የሐዘኑ ሠላሳ ቀን ከወጣ በኋላ የአሸር ወገኖች ለቆጠራ መጡ። ስድስት ሽማግሎች፣ ነጭ በነጭ፣ በአባ ይርጋ መሪነት አሥራ ስምንቱን ደረጃ ወርደው ተቀመጡ። አባ ይርጋ የአሸር አያት ወንድም ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን አልደከመም። ያፋና አሸር ከላይ በረንዳ ላይ ይጠብቃሉ። አንዱ ሽማግሌ ነፋስ እንዳይመታቸው ብለው ያንን የብረት በር ከላይ ባሉ ሁለት ጎረምሶች አስዘጉት። ዱም አለ። እኔ እጄን አሻሸሁና የሕይወቴን ትልቁን ጉራ ነፋሁ፤ «አባቶቼ፣ ድሮ ግማሽ ቀን የፈጀው ዛሬ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።»

ዊንዶውሱን ከፈትኩ። የጋራ ማኅደሩን አላገኘሁም አለ። ከራስህ ጀምር የሚለው ሕግ ትዝ አለኝና ገመዱን ተከትዬ በጉልበቴ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። የአባ ይርጋ ዱላ የገመዱን ጭንቅላት ነቅሎታል። ሰካሁት። ማኅደሩ መጣ፣ ፋይሉም ታየ። ስጫነው ሌላ መስኮት ከፈተልኝ፤ በሌላ ሰው ተይዟል።

«ምን ይላል?» አሉ አባ ይርጋ።

«ጥቂት ይታገሡ ይላል።»

ማኩ ይሆናል ብዬ ወደ ጥጉ ሄድኩ። ማኩ የፋይሉን ስም አደብዝዞ አሳየኝ፤ ስጫነው ጡሩንባ ነፋ፣ ከዚያ ዝም። እዚያም እዚህም ተመላለስኩ። አንዱን አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ የይለፍ ቃሉን አስገባሁ፣ አወጣሁ። ሦስት ምስክር፣ ሦስት ቃል። ላብ በጀርባዬ ወረደ። አየሩ ወፈረብኝ። ስድስቱ ሽማግሎች እንደ ሐውልት ተቀምጠው ዓይናቸውን ከኔ ጋር ያመላልሳሉ። መነሣት አይችሉም፤ ቆጠራው አላለቀም። እኔም መውጣት አልችልም፤ በሩን የሚከፍቱት ሁለት ጎረምሶች ከላይ ናቸው።

«ግልባጭ አለህ አይደል?» አሉ አንዱ። «ዓርብ ዓርብ የምትለው።»

«እንዴታ!» የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፈትኩ። የመጨረሻውን ዲስክ አስገባሁ። መጠኑን አየሁ፤ ከአንድ ደብዳቤ ያነሰ። የፊተኛውን አስገባሁ፣ ያው። የፊት የፊተኛውን፣ ያው። ሦስት ዓመት ሙሉ የገለበጥኩት ፋይሉን አልነበረም፤ ወደ ፋይሉ የምትወስደውን አቋራጭ ምልክት ነበር። ቤቱን ልወስድ መጥቼ በየሳምንቱ የበሩን ቁጥር ጽፌ የሄድኩ ነኝ። የሞቱት ሽማግሎች ቃል ሁሉ፣ የዚያ ሁሉ ሰው ሰባት ቤት፣ በዓለም ላይ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። እሱም ተቆልፏል።

«ይኼም ተይዟል» አልኩ። ዋሸሁ። መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር፤ ግን ቀድሞውንም ከመሬት በታች ነበርኩ።

የቀረው ዘበኛው ሊኑክስ ነው። ጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀመጥኩና ቦሪስ ያስተማረኝን ትእዛዝ በሁለት ጣት ጻፍኩ፤ ፋይሉን ማን ይዞታል? ዘበኛው ሳያወላዳ አንድ ስም ጻፈልኝ።

ተገኝ።

ማሽኑን በሩቁ ጠራሁት። ፒንግ ይሉታል፤ አለህ ወይ ማለት ነው። አለሁ አለ። እንደገና ጠራሁት። አለሁ። አለሁ። አለሁ። በመቃብሩ ላይ አፈር ያለበስኩት ሰው ከቂርያት ዔቅሮን እየመለሰልኝ ነው።

«ማነው የያዘው?» አሉ አባ ይርጋ።

መዋሸት ደከመኝ። «ተገኝ ነው አባቴ።»

ከዚያ አባ ይርጋ በቀስታ፣ «እንዲያማ ከሆነ እየቆጠረ ነው» አሉ። «ዝም በሉ።»

እውነት ዝም አሉ! ስድስት ሽማግሌ ለሞተ ሰው ቆጠራ ዝም አሉ። እኔ ዘበኛውን «ጣለው» የሚለውን ትእዛዝ አውቃለሁ፤ አንድ መስመር ነው። ግን ቦሪስ ሲያስጠነቅቀኝ፣ የሚጽፍ እጅ በግድ ከተነቀለ ገጹም ይቀደዳል ብሎኝ ነበር። ገጹ ከተቀደደ መዝገቡ ሊበላሽ ነው፣ ግልባጭ የለም። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ፣ አንድ የተደበቀ የልቤ ጥግ እዚያው ተቆልፎ ይቅር ይል ነበር። ተገኝ ምን እንዳገኘ ፈራሁ። ፋይሉን ብከፍተው ልጄን እቀብር ይሆናል፤ ባልከፍተው ሁሉንም። በቆርቆሮው ክዳን ላይ ፊቴን አየሁት፤ ወጥመድ ውስጥ የገባ አይጥ ብስኩቱን ረስቶ ሲያይ እንዲያ ነው።

«ቤቱ መሄድ አለብኝ» አልኩ። «ማሽኑ ዘንድ ሄጄ እሱ ከተወበት ልዝጋው።»

«እኛስ? ሳይቆጠር አንነሣም» አሉ አንዱ።

አባ ይርጋ አሰቡ። «ተነሥተን ወደ ቤታችን ከሄድን ተነሣን ማለት ነው። ተነሥተን ወደ ቆጣሪው ከሄድን ግን መቀመጫ ለወጥን እንጂ አልተነሣንም።» በዱላቸው በሩን ደበደቡ።

እንግዲህ ከአሸር ችግኝ መኪና ኋላ ስድስት ሽማግሎች፣ በሎሚ ችግኝ መሐል፣ በቁና እንደተሰፈረ እህል ጥቅጥቅ ብለው ተቀምጠው በጠራራ ፀሐይ ወደ ቂርያት ዔቅሮን ስንሄድ አስቡን። ያፋ ከፊት ከአሸር ጎን ናት፤ ዞራ በመስታወቱ አየችኝ። ምንም አልጠየቀችኝም። መጠየቅ ይሻል ነበር። አባ ይርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ግልባጩ ባዶ ነው አይደል?» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«እኔ ዓይኔ ደክሟል። ላብህ ግን ይሸተኛል።»

የተገኝ ሚስት እትየ ወርቅነሽ በሩን ስትከፍት የሰው ብዛት አይታ ሌላ መርዶ መስሏት ደረቷን ያዘች። አረጋግተን ገባን። ሳሎኑ ጥግ፣ በነጭ ነጠላ የተሸፈነ ነገር አለ። ጠጋ ስል የማሽኑ ማራገቢያ ስስ ብሎ ይተነፍሳል።

«ለምን ተሸፈነ?» አልኳት።

«ጎረቤቶቼ ናቸው። በሐዘን ቤት መስታወት ይሸፈናል፣ የአገሩ ወግ ነው አሉኝ። እሱም ፊት ያሳያል ብዬ ሸፈንኩት። ሠላሳው ሲወጣ የመስታወቱን አነሣሁ። የሱን ግን...» ነጠላውን በእጇ ነካች። «ይተነፍሳል እኮ። እንዴት ብዬ አጠፋዋለሁ?»

ነጠላውን ራሷ ገለጠችው። ስክሪኑ በራ። በመዝገቡ ላይ ሁለት ረድፍ ተከፍቷል፤ በአንዱ ያፋ፣ በሌላው አሸር። ተገኝ ቆጥሯል! የያፋ ሰባት ሙሉ ነው። የአሸር ስድስት። ሁሉንም በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፤ እስከ ስድስት የተገናኘ ስም የለም። በሰባተኛው ሣጥን ውስጥ ያቺ ትንሽ ቀጥ ያለች መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች፤ አምስት ሳምንት ሙሉ ስሙን እየጠበቀች። የያፋ ሰባተኛ አያት ከወንዙ ማዶ ነው። የአሸር ሰባተኛ እሱው ከሆነ፣ አለቀ።

«አባ ይርጋ፣ የአሸር ሰባተኛ አባት ማነው?»

«ስድስት ነው የማውቀው» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው አነሰ። «ሰባተኛውን የሚያውቁት ሞተዋል። ተገኝ ከነሱ ሰምቶ ነበር፤ መዝገቡ ውስጥ ግን ገና አላስገባውም።»

ሁላችንም ያቺን ብልጭታ አየን። ከሳሎኑ ወደ ሚክላቱ የተመለስኩ መሰለኝ፤ ግድግዳው ተጠጋኝ። ያፋ የአሸርን እጅ ለቀቀች፣ መልሳ ያዘች።

እትየ ወርቅነሽ በበሩ ቆማ፣ «እኔ ልቁጠረው?» አለች።

አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ሴት ስትቆጥር አልሰማንም።»

«አርባ ዓመት አብሬው ኖርኩ» አለች። «ሲቆጥር ጮክ ብሎ ነው የሚቆጥር። ሌሎቹ ዝም ይሉ ነበር። እኔም ዝም እል ነበር። ዝም ያለ ሰው ይሰማል።»

አባ ይርጋ ዱላቸውን መሬት ላይ አኖሩ። «ስትቆጥር አትናገሩ» አሉ።

ከሀ ጀመረች። የያፋን ሰባት አንድ በአንድ ወረደች፣ ስክሪኑን ሳታይ፣ ዓይኗን ጨፍና። ሁሉም ልክ ነው። የአሸርን ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ድምፅዋ የሷ ነው፣ አወራረዱ ግን የተገኝ ነበር፤ በየሦስተኛው ስም ላይ የምትወስዳት ትንፋሽ ሳትቀር። አምስት። ስድስት። ቆመች። ውጪ ሕፃናት በዕብራይስጥ ኳስ ይጣላሉ።

«ሰባት፣ ደስታ። ደስታ ከወንዙ ወዲህም ማዶም ሰው አይደለም። ከቋራ መጥቶ የገባ ነው።»

አልተገናኙም። አባ ይርጋ አለቀሱ፤ ከዚያ አፍረው ሎሚው ዓይኔ ገብቶ ነው አሉ። እኔ ተቀምጬ በሁለት ጣት «ደስታ» ብዬ ጻፍኩ። ማሽኑ የቆጣሪውን ስምና ቀኑን ራሱ ይሞላል፤ በሱ ማሽን፣ በሱ ስም ስለተከፈተ «ተገኝ» ብሎ ሞላ። ላስተካክለው ስል ወርቅነሽ ትከሻዬን ያዘች። «ተወው። ጀምሮት ነበር፣ በሱ ስም ይለቅ።» አስቀመጥኩት። መዝገቡን ዘጋሁት።

«ጨረሰ?» አለችኝ።

«ጨረሰ።»

ማጥፊያውን አሳየኋት፤ ራሷ ተጫነችው። ማራገቢያው ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ቆመ። ቤቱ ያን ያህል ጸጥ ሊል ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ነጠላዋን ከስክሪኑ ላይ አንሥታ ራሷ ለበሰችው።

ይኸው ነው ለተሂላ የነገርኳት። ስጨርስ ሻዬ ቀዝቅዟል፣ እሷም ዓይኗን በእጅጌዋ ትጠራርጋለች፤ የዚች ደግሞ ምን ዓይነት ሎሚ ገብቶባት ይሆን።

«ግልባጩስ? ከዚያ በኋላ?» አለች።

«ከዚያ በኋላ ቤቱን ነው የገለበጥኩት። አንቺስ?»

ሳቀች። ፕሮግራሟን ወደ ራሷ ሳበችና የሆነ ሕግ ደመሰሰች፤ የሞተ ሰው አይጽፍም የሚለውን መሰለኝ። መስመሩ ሳይነካ አለፈ። ከዚያ ግን ጣቷን አንሥታ አሰበች። «የሳቸው ስም ይቆይ። ግን የሷስ? አጠገቡ ልጻፈው?»

ይህን እኔ አልመልስም። ስልኩን አንሥቼ ቂርያት ዔቅሮን ደወልኩ። እትየ ወርቅነሽ ጆሮዋ ደክሟልና ነገሩን ሁለት ጊዜ ጮኬ ነገርኳት፤ ድምፅዋ ለተሂላም እንዲሰማ አደረግሁት።

«ተገኝ ጨርሷል ብለኸኛል አይደል?» አለች።

«ብዬሻለሁ።»

«የሱ ይቆይ። እኔ ግን አልጨረስኩም። ስምንተኛውንም ዘጠነኛውንም አውቃለሁ፤ የጠየቀኝ የለም። ልጅቱ እዚያ አለች?»

«አለሁ ሳቭታ» አለች ተሂላ፤ አያቴ ማለቷ ነው።

«ያንን ነገርሽን ክፈች።» ከዚያም ሳትጠብቅ ጀመረች፤ ከሀ። ተሂላ ሁለት እጆቿን ፊደሎቹ ላይ አስቀምጣ፣ አፏን ለመጠየቅ ከፈተች። ጣቴን አነሣሁባት። ዘጋችው።